ምትክ መምህሯ ምን አጠፋች?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

የጁሊ አሜሮ ጉዳይ ዛሬም ያበሳጨኛል። በ2004 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ኮኔቲከት ግዛት፣ ኖርዊች ከተማ ውስጥ ምትክ መምህር ነበረች። ክፍሉ ውስጥ የነበረው ዊንዶውስ 98 የተጫነበት አሮጌ ኮምፒውተር በድንገት የብልግና ምስል ይደረድር ጀመር። አንዱን ስትዘጋ ሌላው ብቅ ይላል። ኮምፒውተሩን እንዳታጠፋ ተነግሯት ስለነበር አላጠፋችውም። በቃ፣ ተማሪዎቹን ለጉዳት አጋልጣለች ተብላ በ2007 ጥፋተኛ ተባለች። እስከ 40 ዓመት ሊያሳስራት ይችል ነበር!

የትምህርት ቤቱ ማጣሪያ፣ ማለትም እንዲህ ያሉ ድረ ገጾችን የሚያግደው ፕሮግራም፣ እኮ አገልግሎቱ አልታደሰም ነበር። ማሳደስ የማን ሥራ ነው? ጠዋት ተደውሎላት የመጣች ሰው?

የኮምፒውተር ባለሙያዎች ከጮኹላት በኋላ ፍርዱ ተሽሮ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ተፈቀደ። በ2008 ግን ነገሩን ለመቋጨት ቀላል ጥፋት አምና 100 ዶላር ተቀጣች፤ የማስተማር ፈቃዷንም አስረከበች።

የአሜሪካ ሕግ በፌዴራል ድጎማ ኢንተርኔት የሚያስገቡ ትምህርት ቤቶች ማጣሪያ እንዲኖራቸው ያስገድዳል። ጥሩ ነው። ግን ማጣሪያም ያሳልፋል። ስለዚህ ምትክ መምህራን ክፍል ከመግባታቸው በፊት ግማሽ ሰዓት ሥልጠና ይሰጣቸው፦ ስክሪኑ ብቻ እንዴት እንደሚጠፋ፣ ልጆቹን ወዴት እንደሚወስዱ፣ ለማን እንደሚደውሉ። የሚደወልበት ቁጥርም ጠረጴዛው ላይ ይለጠፍ። ለዚህ ደግሞ በጀት የለም እንዳይሉን።

አንድ ወላጅ