ስለ እንቅልፏም ጠይቋት፦ ግልጽ ደብዳቤ ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ

ይድረስ ለክልሉ ጤና ቢሮ ኃላፊዎች፣

ባለፈው ዓመት ደቡብ ወሎ፣ ተሁለደሬ ገጠር አክስቴ ጋ ሰንብቼ ነበር። አንድ ቀን ስለ አእምሮ ጤና የሚያስተምሩ ሰዎች መጡ። ሕዝቡ ዛፍ ጥላ ስር ተሰበሰበ። «የአእምሮ ሕመምተኛ ያለበት ቤት አለ?» አሉ። አንድም እጅ አልወጣ። ወረቀት በትነው ሄዱ።

ማታ ቡና ላይ አክስቴ አወራችኝ። በጦርነቱ ደሴ ከተያዘችበት ከጥቅምት 2014 ዓ.ም. ወዲህ እንቅልፍ እምቢ ብሏታል። ሆዷን ባር ባር ይላታል። በር ሲንኳኳ ትደነግጣለች።

«ታዲያ ለምን አልነገርሻቸውም?» አልኳት።

«እኔ እብድ ነኝ እንዴ ልጄ? ደሞ ያልተዳረች ልጅ አለችኝ።»

እኛ ጋ «የአእምሮ ሕመም» ሲባል የሚታየን በሰንሰለት የታሰረ ሰው ነው። «በዘራቸው አለ» ከተባለ ደግሞ የቤቱን ልጆች ለጋብቻ የሚጠይቅ ይጠፋል። በአደባባይ ማን እጁን ያወጣል? ጥያቄውን ቀይሩት። «እንቅልፍ ይወስድሻል? እህል ይበላልሻል? ሰው ያስጠላሻል?» በሉ። ያኔ ሰው ይመልስላችኋል።

በቅሬው በኩልም ግቡ። ወሎ ላይ የሚቀብረን፣ ሐዘን ቤት የሚቀመጥልን ቅሬ ነው። ማን ከሰው እንደራቀ፣ ማን ቤቱን እንደዘጋ የቅሬ ዳኛው ያውቃል። ሼኹንና ቄሱንም ቀድማችሁ አማክሩ። ሐኪም ቤት መሄድ ዱዓውን ወይም ጸበሉን መተው እንዳልሆነ ከእነሱ አፍ ሲሰማ ሰው ይቀበለዋል። አንድ አደራም አለኝ፦ መድኃኒት ስትሰጡ በስንት ጊዜ እንደሚሠራ ንገሩ። የድብርት መድኃኒት ጀምሮ በ8ኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብሎ የጣለ ጎረቤት ነበረን። መድኃኒቱ ለውጥ ለማሳየት ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይፈልጋል። ማንም አልነገረውም። አሁንም ያ ነገር ያንገበግበኛል።

ወረቀቱ ደግሞ ማንበብ ለማይችል ምን ያደርጋል? ሰኞ ባቲ ገበያ ብትወጡ አማርኛም ኦሮምኛም አፋርኛም ትሰማላችሁ። በሰዉ ቋንቋ፣ በቃል ንገሩት።

አዲስ መዋቅር አልጠየቅኩም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት መዞር ከጀመሩ 20 ዓመት አልፏል። የአክስቴን ቤት የምትጎበኘው ልጅ ስለ ሽንት ቤቱ ትጠይቃለች፣ ስለ ክትባት ትጠይቃለች። አክስቴም ትወዳታለች፣ ቡና ታጠጣታለች። ስለ እንቅልፏም እንድትጠይቃት አሠልጥኑልን።