ላፕቶፕ ስናስረክብ የርክክብ ወረቀት ይሰጠን

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ደሴ ውስጥ ላፕቶፑ የተበላሸበት ሰው ከዋጋውም በፊት ወዳጁን «የምታምነው ሠራተኛ አለህ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። እኔ ይህን ሳልጠይቅ በመሄዴ የደረሰብኝን ገልጬ፣ ከጥገና ቤቶችና ከከተማ አስተዳደሩ የንግድ መምሪያ የምጠብቀውን ለማሳሰብ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ባለፈው ሰኔ፣ የተማሪዎቼን ውጤት በማጠቃልልበት ሳምንት፣ ላፕቶፔ እየጋለ በየግማሽ ሰዓቱ ራሱን ያጠፋ ጀመር። ፒያሳ አካባቢ ካሉት ጥገና ቤቶች ወደ አንዱ ወስጄ ሰጠሁ። ስሜንና ስልኬን በብጣሽ ወረቀት ጽፈው ክዳኑ ላይ በፕላስተር ለጠፉና «ነገ ይደርሳል» አሉኝ። በማግስቱ ስመለስ ፎርማት ተደርጎ፣ ማለትም ውስጡ ያለው ሁሉ ተጠርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ተጭኖበት ጠበቀኝ፤ የሦስት ክፍል ተማሪዎች ማርክ ጠፍቷል። ቤት ወስጄ ስከፍተው ደግሞ 8 ጊጋባይት የነበረው ራም (ላፕቶፑ ሲሠራ የሚጠቀምበት፣ ተነቅሎ ሊቀየር የሚችል የጊዜያዊ ማስታወሻ ክፍል) 4 ሆኖ አገኘሁት። ተመልሼ ብጠይቅ «ድሮም 4 ነበር» ተባልኩ፤ የሰጠሁት 8 ስለመሆኑ የሚመሰክር አንዳች ጽሑፍ በእጄ ስላልነበረ ክርክሩ እዚያው አበቃ። ሙቀቱም ሳምንት ሳይሞላው ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ነው የሥራ ባልደረባዬ ሰኞ ገበያ አጠገብ ወደሚሠራ አንድ ወጣት የመራኝ። ላፕቶፑን እዚያው ፊቴ ፈታው። ረጃጅሞቹንና አጫጭሮቹን ብሎኖች በለስላሳ መጠጥ ቆርኪዎች ውስጥ ለየብቻ እያስቀመጠ ከፈተና፣ የራሙንና የሃርድ ዲስኩን መለያ ቁጥር በስልኩ ፎቶ አንሥቶ፣ ቁጥሮቹን ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ ጽፎ ፈርሞ ሰጠኝ። ከዚያም ፋኑን አዙሮ አሳየኝ፤ በአየር ማውጫው ላይ አቧራው እንደ ጥጥ ተጋግሮ መንገዱን ዘግቶታል፤ ከፕሮሰሰሩ ላይ ሙቀቱን እንዲያስተላልፍ የተቀባው ፔስት ደርቆ እንደ ኖራ ይፈረፈራል። አቧራውን ጠርጎ ፔስቱን ቀየረ፤ ሥራው ይኸው ነበር። ዊንዶውስ እንደገና መጫን አቧራ ስለማይጠርግ የፊተኛው ፎርማት ከንቱ ድካም ሆኖ ቀርቷል። አዲስ ዊንዶውስ በላዩ ስለተጫነበትም የጠፋውን ፋይል መልሶ የማግኘት ዕድሉ እጅግ ጠባብ መሆኑን ሳይደብቅ ነገረኝ። በእርግጥም አልተገኘም፤ ማርኩን ከወረቀት ላይ እንደገና ለመመዝገብ አራት ሌሊት አምሽቻለሁ።

ወርቅ ለአንጥረኛ ስንሰጥ ሚዛን ላይ አስቀምጦ ግራሙን ሳያሳየን ከደጁ አንነሣም። ላፕቶፕ ግን የቤተሰባችንን ፎቶ፣ የመታወቂያችንን ቅጂና የይለፍ ቃላችንን ጭምር እንደያዘ ያለ አንዳች ጽሑፍ አስረክበን እንሄዳለን። ከተማችን በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ብዙ ንብረት እንደተዘረፈባት የማያስታውስ የለም፤ ዛሬም አዲስ ላፕቶፕ መግዛት ያልቻለ ሁሉ ያለውን እያስጠገነ ነው የሚሠራው። ለሰው አስይዞ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው አዲስ አበባ መላክም ለአብዛኞቻችን መፍትሔ አይሆንም።

ሕጉ ስለዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃም ሆነ አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ እንዲያገኝ ያዛል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰው የግል መረጃ ያለ አግባብ እንዳይነካ ደንግጓል። ነገር ግን በእጁ ጽሑፍ የሌለው ሰው አዋጁን ይዞ የት ይደርሳል?

ስለዚህ የንግድ መምሪያው ጥገና ቤቶች ሁሉ የሚጠቀሙበት ባለ አንድ ገጽ የርክክብ ቅጽ እንዲያዘጋጅ እጠይቃለሁ። በቅጹ ላይ የላፕቶፑ ሞዴልና መለያ ቁጥር፣ የራሙና የሃርድ ዲስኩ መጠን፣ ደንበኛው የተናገረው ችግርና የተስማሙበት ዋጋ ከተጻፈ፣ ፎርማት የሚደረገውም ደንበኛው ሲፈርም ብቻ ከሆነ፣ የተቀየረው አሮጌ ዕቃም ለባለቤቱ ከተመለሰ አብዛኛው ጭቅጭቅ ይቀራል። ይህን ስል ባለሙያዎቹን ሁሉ መውቀሴ አይደለም። አስቀድሞ የተሰበረ ስክሪን ይዞ መጥቶ «እናንተ ሰበራችሁት» የሚል ደንበኛም አለ፤ ወረቀቱ በታማኝነት የሚሠራውን ወጣት ከእንዲህ ያለው ክስ ይጠብቀዋል። እኛም ደንበኞች ማሽኑን ከማስረከባችን በፊት ፋይላችንን በፍላሽ ወይም በሌላ ሃርድ ዲስክ መገልበጥ የራሳችን ግዴታ ነው።

ያ ወጣት ጽፎ የሰጠኝ የደብተር ወረቀት ዛሬም በላፕቶፔ ቦርሳ ውስጥ አለ። ቅጹን ለሚያዘጋጀው ክፍል እንደ መነሻ የሚጠቅም ከሆነ ቅጂውን ለመስጠት ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ መምህር፣ ከደሴ