ከቀዶ ጥገናው በፊት ሁለት ጥያቄ

ለአዘጋጁ፦

ስለ አፍንጫ ቀዶ ጥገና ያወጣችሁት ጽሑፍ ዋጋውንና አደጋውን በደንብ አስረድቷል። አንድ ነገር ግን ዘሏል። ቀዶ ጥገናውን ከሚፈልጉት መካከል ሕመማቸው አፍንጫቸው ላይ ያልሆነ ሰዎች አሉ። ሌላው ሰው ልብ የማይለው እንከን በቀን ለሰዓታት ያብሰለስላቸዋል። ከመስታወት ፊት አይጠፉም፤ ሰርግም ለቅሶም ይቀራሉ። ይህ በእንግሊዝኛ «ቦዲ ዲስሞርፊክ ዲስኦርደር» የሚባል የአእምሮ ሕመም ነው።

ለእነዚህ ሰዎች ቀዶ ጥገና ብዙ ጊዜ እርካታ አያመጣም። ጭንቀቱ ወደ አገጭ ወይም ወደ ቆዳ ይዛወራል። የእንግሊዙ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ በ2005 እ.ኤ.አ. ለዚህ ሕመም የመከረው የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምናን፣ ማለትም ከባለሙያ ጋር በመነጋገርና በመለማመድ የሚሰጥ ሕክምናን ነው። ንግግር ነው ሲባል ግን «አይዞሽ፣ ቆንጆ ነሽ» ማለት እንዳይመስለን። እንዲህ ያለው ማጽናኛ ለአፍታ ያሳርፍና ጥርጣሬውን መልሶ ይቀሰቅሰዋል። ታካሚዋ በባለሙያ እየታገዘች ቀስ በቀስ ፊቷን ሳትሸፍን ታክሲ ትሳፈራለች። በየደቂቃው በስልኳ ካሜራ ራሷን ማየት ትተዋለች። የፈራችው ሳይደርስ ሲቀር ጭንቀቱ ይበርዳል። ከበድ ካለ መድኃኒት ይታከልበታል።

የውበት ክሊኒኮች ቀጠሮ ከመስጠታቸው በፊት ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ በቀን ስንት ሰዓት ስለዚህ ያስባሉ? በዚህ ምክንያት ከምን ቀርተዋል? መልሱ ካሳሰባቸው መጀመሪያ ወደ አእምሮ ሐኪም ይላኩ።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ