ታንክ ብቻውን አላሸነፈም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተገኘውን ድል በታንክና በአውሮፕላን ብዛት ብቻ የተረጎመው ጽሑፋችሁ የታሪኩን ግማሽ ዘሎታል። ድል ያደረጉት ተባባሪዎች፣ አሜሪካ፣ ብሪታንያና ሶቪየት ኅብረት፣ የሚዋደዱ አልነበሩም፤ የብሪታንያው ቸርችልና የሶቪየቱ ስታሊን እስከ መጨረሻው ይጠራጠሩ ነበር። ሆኖም አሜሪካና ብሪታንያ በ1942 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ላይ የጋራ የጦር አለቆች ጉባኤ አቋቁመው መርከቡም ወታደሩም የት ይሂድ በሚለው ላይ በአንድ ጠረጴዛ ይጨቃጨቁ ነበር። ጭቅጭቁ መራራ ነበር፤ ግን ውሳኔ ይወለድበታል፤ አሜሪካዊው ጄኔራል አይዘንሃወርም የሌላ አገር ጄኔራሎችን የማዘዝ ሥልጣን ያገኘው በዚሁ መንገድ ነው። ምዕራባውያኑ ዘግይተው፣ በሰኔ 1944፣ ፈረንሳይ ውስጥ ኖርማንዲ ላይ መውረዳቸው ሞስኮን ቢያስቆጣም፣ ወደ 400 ሺህ የሚጠጉ የአሜሪካ የጭነት መኪናዎችና ጂፖች የሶቪየቱን የቀይ ጦር ስንቅና ጥይት አመላልሰዋል።

በሌላው ጎራስ፣ በጀርመን፣ በጣሊያንና በጃፓን በኩል? ሙሶሊኒ በጥቅምት 1940 ግሪክን ሲወር ሂትለርን አላማከረም። ጃፓን የአሜሪካን የባሕር ኃይል ሰፈር ፐርል ሃርበርን ስትደበድብ ደግሞ ሂትለር ነገሩን የሰማው እንደ ማንኛውም ሰው ከዜና ነው። (ይህንንም ጥምረት ብለው ይጠሩት ነበር!)

ተከታይ ክፍል ካላችሁ ስለ መድፉ ሳይሆን ስለ ድርድሩ ጻፉልን።

አንድ አንባቢ