የአስትሮይዱ ስም እንዲህ አይነበብም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባለፈው እትማችሁ «2024 ዋይ አር 4» የተባለውን አስትሮይድ (ፀሐይን የሚዞር ትንሽ ዓለታማ አካል) «የዓመቱ አራተኛ ግኝት» ማለታችሁ ስሕተት ነው። ዓመቱ የፈረንጆች ነው። «ዋይ» (የእንግሊዝኛው ፊደል Y) የሚያመለክተው የዲሴምበርን ሁለተኛ አጋማሽ ነው፤ በእኛ ከታኅሣሥ 7 እስከ 22 ቀን 2017 መሆኑ ነው። «አር» (R) በዚያ ግማሽ ወር ውስጥ የግኝቱን ተራ የምትናገር ፊደል ናት። «አይ» (I) የምትባለው ፊደል ስለማትቆጠር ከ«ኤ» እስከ «ዜድ» ያለው አንዱ ዙር 25 ፊደል ይይዛል፤ «አር»ም 17ኛ ትሆናለች። መጨረሻ ላይ ያለው 4 ደግሞ አራት ዙር መሙላቱን ይናገራል፦ 4 ሲባዛ በ25፣ ሲደመር 17። በዚያ ግማሽ ወር 117ኛው ግኝት ማለት ነው። በ26 ያባዛ 121 ያገኛል፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው።

ይህ መለያ ጊዜያዊ ነው። ምሕዋሩ በደንብ ሲታወቅ ቋሚ ቁጥር ይሰጠዋል፤ መጠሪያ ስም የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፣ እሱም በገንዘብ አይሸጥም።

የፊዚክስ መምህራን፣ ደሴ