ለስኬት ቦርድ ሜዳው ሊሾው ይታሰብበት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በኮሪደር ልማቱ ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ከተሠሩ ወዲህ ጎንደር ውስጥ ሲመሻሽ በሮለርና በስኬት ቦርድ (ቆመው በሚነዷት ባለ አራት ጎማ ጣውላ) የሚንሸራተቱ ልጆች በርክተዋል። ጥበቃ ፊሽካ እየነፋ ያባርራቸዋል፤ እነሱም በሌላ በኩል ዞረው ከች ይላሉ። ጥበቃው ልክ ነው፤ ምርኩዝ የያዙ እናት የሚያልፉበት መንገድ ነው። ልጆቹስ የት ይሂዱ? ከዋናው መንገድ ወደ ሰፈር ገባ ሲሉ የሚጠብቃቸው ኮብልስቶን ነው። የቦርዱ ጎማ ትንሽና ደረቅ ስለሆነች በድንጋዮቹ መጋጠሚያ ስትያዝ ቦርዱ ይቆማል፤ ልጁ ግን ጉዞውን ይቀጥላል።

ከከተማ አስተዳደሩ የምንፈልገው አንድ የቅርጫት ኳስ ሜዳ የሚያህል፣ በነጻ የሚገባበት ለስላሳ የአርማታ ወለል ነው። ስታዲየም አላልኩም።

ይህን የሀብታም ልጅ ጨዋታ ነው የሚሉ አሉ። አዲስ አበባ ላይ ግን በ2008 ዓ.ም. ሜክ ላይፍ ስኬት ላይፍ የተባለ ድርጅት ከአገር ውስጥ ልጆች ጋር ሆኖ፣ በበጎ ፈቃደኞች ጉልበት እንዲህ ያለ ሜዳ ሠርቷል። ስፖርቱም በቶኪዮ ኦሎምፒክ ገብቷል፤ በሴቶች የጎዳና (ስትሪት) ውድድር ወርቁን የወሰደችው ጃፓናዊቷ ሞሚጂ ኒሺያ ያኔ 13 ዓመቷ ነበር። የእኛ ልጆች ሜዳሊያ ያምጡ ማለቴ አይደለም፤ ከትምህርት ገበታ የራቀ ልጅ በበዛበት በዚህ ጊዜ ከሰዓት በኋላ የሚውሉበት ቦታ ቢያገኙ ይበቃኛል።

በግንባታ ሥራ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ስለ ወለሉ ልናገር። 28 በ15 ሜትር ቦታ በ10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ሲሞላ 42 ሜትር ኩብ አርማታ ነው፤ ለዚህም ወደ 150 ኩንታል ሲሚንቶ ይበቃል። ልጆቹ በቦርድ የሚወጡባቸውና የሚወርዱባቸው ተዳፋቶች ሲጨመሩ ከፍ ይላል፤ ቢሆንም ለከተማ የሚከብድ ቁጥር አይደለም። የሚያሰጋኝ አሠራሩ ነው። ቤታችን ውስጥ እንደለመድነው አርማታው ከደረቀ በኋላ ሊሾ ቢደረብበት በዓመቱ ይላጣል። አርማታው እርጥብ ሳለ፣ ላዩ ላይ የወጣው ውሃ ሲመጥ ጠብቆ በብረት ማንኪያ ደጋግሞ ማለስለስ ያስፈልጋል። ከዚያ በጆንያ ሸፍኖ ቢያንስ ለ7 ቀን ውሃ ማጠጣት ነው። የተዳፋቱ ጫፍ በብረት ቱቦ ካልተያዘ ቦርድ ሲያርፍበት ይሸራረፋል። ወለሉም በየሜትሩ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ካላዘነበለ የጎንደር ክረምት ኩሬ ያደርገዋል። በጣውላና በላሜራ እንሥራው የሚል ካለ ያንኑ ክረምት ያስብ።

ቦታውን በተመለከተ፣ ፋሲል ግቢ ዙሪያና ጥምቀተ ባሕሩ አካባቢ ፈጽሞ አይታሰብ። የዓለም ቅርስ አጠገብ አርማታ የሚያፈስ ሰው እኔ ራሴ እከሰዋለሁ። አዲስ መሬትም አይጠየቅ። አጥር፣ ውሃ፣ ሽንት ቤትና ዘበኛ ያለው የወጣት ማዕከል ወይም የትምህርት ቤት ግቢ፣ አዘዞም ይሁን ማራኪ፣ ጥግ ላይ ይህን ያህል ቦታ አያጣም።

መግቢያ ይከፈል የሚለውን ሐሳብ ከወዲሁ እቃወማለሁ። ሃያ ብር ስትጠየቅ ተመልሳ የምትሄደው የጉሊት ነጋዴዋ ልጅ ናት። ደግሞም ዋናው ችግር ቦርዱ ነው፤ ከየት ይገዛል? ከውጭ ለጥምቀት የሚመጣ ዘመድ ሁሉ ሻንጣው ውስጥ አንድ ያገለገለ ቦርድና አንድ ሄልሜት ቢጥል፣ ማዕከሉ የተማሪ መታወቂያ እየያዘ ማዋስ ይችላል። ለሴቶች ልጆች ብቻ የተለየ ሰዓት ቢኖር ደግሞ ወላጅም ልቡ ያርፋል። ለፋሲል ከነማ ማልያ ኪሱን የሚፈታ ደጋፊ ለዚህም አይሰስትም ብዬ አምናለሁ።

የሚመለከተው ክፍል እስከ መስከረም መጨረሻ ቦታውን ካሳወቀ ጥቅምትና ኅዳር ለአርማታ ምቹ ናቸው። የወለሉን ልስላሴ እኔና የሥራ ባልደረቦቼ ያለ ክፍያ እንሠራለን፤ ሲሚንቶውን፣ አሸዋውንና ጠጠሩን ያቅርቡልን።

አንድ የአዘዞ ነዋሪ፣ የግንባታ ፎርማን
ጎንደር