ለጌትሽ፦ ስለ አዲሱ ቡችላ

ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለጌትሽ፣

እንዴት ከርመሃል? እማማስ ደህና ናቸው? ልጆቹስ? ተጠፋፋን እኮ! አንተንም ኑሮ ይዞህ፣ እኔም ሥራ ወጥሮኝ፣ ዛሬ ነገ ስንባባል ጊዜው ነጎደ። ሰሞኑን እህትህ ደውላ ስለ ሁሉም ነገር ካወራችኝ በኋላ፣ “ጌትሽ የሁለት ወር ቡችላ አምጥቷል፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ ያድራል፤ ሆዱንም እያስቀመጠው ነው” አለችኝ። በስልክ ተነግሮ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልህ። የምግቡን ክፍል ለሠራተኛዋም አንብብላት፤ ቀን ቀን የምታበላው እሷ ናትና።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልለምንህ። ሲጠነክር ኃይለኛ እንዲሆን ከአሁኑ በሩ አጠገብ ልታስረው አስበሃል አሉ። እባክህ አትሰረው። ቡችላ ሰውን፣ ሕፃንን፣ የመኪና ድምፅን፣ እንግዳን የሚለምደው ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ገደማ ባለው ጊዜ ነው። ያንተው 8 ሳምንቱን ይዟል፤ ስለዚህ ከዚያ ጊዜ የቀረው ጥቂት ነው። በዚህ ዕድሜው ሰንሰለት ላይ የዋለ ቡችላ ሲያድግ ፈሪ ይሆናል፤ ፈሪ ውሻ ደግሞ ሌባውንና የጎረቤት ልጅን ለይቶ አይነክስም። ግቢውን በደንብ የሚጠብቅልህ ቤተሰቡን ያወቀ፣ እንግዳ ሲገባና ሲወጣ ያየ ውሻ ነው። መጮህ ዕድሜው ሲደርስ በራሱ ይመጣል፤ ማንም አያስተምረውም።

አሁን ወደ ለቅሶው ልምጣ። ይህ ቡችላ እስካለፈው ሳምንት ድረስ ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር ተደራርቦ ነበር የሚተኛው። የኅዳርን ብርድ ደግሞ ታውቀዋለህ፤ ሲሚንቶ ላይ ብቻውን ያደረ ቡችላ ቢያለቅስ አይገርምም። አንድ ጠንካራ ካርቶን ፈልግ። በአንድ በኩል መግቢያ እንዲሆነው ከመሬት 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገህ ቁረጠው። ከሥር ጆንያ አጥፈህ አንጥፍ፤ ከላዩ አሮጌ ብርድ ልብስ። ከዚያ የሃይላንድ ጠርሙስ ለብ ያለ ውኃ ሞልተህ፣ ክዳኑን አጥብቀህ፣ በወፍራም ካልሲ ወይም በፎጣ ጠቅልለህ በካርቶኑ አንድ ጫፍ አስቀምጥለት። ውኃው የፈላ መሆን የለበትም፤ ቆዳውን ያቃጥለዋል። ሌላው ጫፍ ባዶ ይሁን፤ ሲሞቀው የሚሸሽበት ቦታ ያስፈልገዋል።

ካርቶኑ የሚቀመጠው ሰው ከሚተኛበት ክፍል ውስጥ ነው። እማማ “ውሻ ቤት አይገባም” እንደሚሉ አውቃለሁ፤ አታስከፋቸው። ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ ይደር፤ ግን የመጀመሪያውን ሳምንት ሰው አብሮት ይተኛ። ሲያለቅስ እጅህን ሰደድ አድርገህ መንካት ይበቃል። አንሥተህ አታጫውተው፤ አትቆጣውም። በዚህ መልክ ከተያዘ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ ዝም ብሎ ማደር ይጀምራል።

ሌሊት የሚያለቅሰው ግን ሁልጊዜ ናፍቆት ይዞት አይደለም፤ ሽንቱ ወጥሮትም ይሆናል። በዚህ ዕድሜው ሽንቱን ይዞ መቆየት የሚችለው ሦስት ሰዓት ያህል ነው። ማታ 4 ሰዓት ላይ አውጣው፤ ከዚያ 7 ሰዓት ላይ፣ ከዚያ 10 ሰዓት ላይ። ተሸክመህ ሁልጊዜ ወደ አንድ ቦታ ውሰደው፤ እስኪጨርስ ዝም ብለህ ቁም፤ ሲጨርስ “ጎበዝ” በለውና መልሰህ አስተኛው። ቀን ደግሞ ከእንቅልፉ ሲነቃ ወዲያው፣ ከበላ በኋላ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ፣ ሲጫወት ቆይቶ መሬቱን እያሸተተ መዞር ሲጀምር ይወጣል። ቤት ውስጥ ከሸና አፍንጫውን ሽንቱ ላይ ማሸት የሚባለው ልማድ ምንም አያስተምረውም፤ ከሰው ተደብቆ መሽናትን ብቻ ይማራል። ቦታውን በሳሙና እጠብና ግማሽ በግማሽ በውኃ የቀጠንከው አቼቶ አፍስስበት፤ ሽታው ካልጠፋ ተመልሶ እዚያው ይሸናል። አቼቶና በረኪናን ግን በፍጹም አታቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ለእናንተም ለእሱም መርዝ ነው።

ዋናው ጉዳይ ሆዱ ነው። እህትህ የላም ወተት በጡጦ እየሰጣችሁት እንደሆነ ነገረችኝ። አቁሙ። ጡት የተወ ቡችላ በወተት ውስጥ ያለውን ስኳር የሚፈጨው ነገር በሆዱ ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ያልተፈጨው ስኳር አንጀቱ ውስጥ ውኃ ይስብና ያስቀምጠዋል። ወተቱን ብትተዉ ብቻ በሁለት ቀን ለውጥ ልታይ ትችላለህ። የሚጠጣው ንጹሕ ውኃ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሳህኑ አይጉደል።

ሁለተኛው ምክንያት የምግብ ለውጥ ነው። የሸጠልህን ሰው ደውለህ ምን ሲያበላው እንደነበር ጠይቀው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ያንኑ ብቻ ስጠው። ከዚያ ሩቡን በአዲሱ ምግብ ተካና ሁለት ቀን አቆይ፤ ቀጥሎ ግማሹን ለሁለት ቀን፤ ቀጥሎ ሦስት አራተኛውን ለሁለት ቀን፤ ከዚያ ሙሉ በሙሉ አዲሱ። የቡችላ ሆድ ዛሬ ሩዝ፣ ነገ ፍርፍር፣ ከነገ ወዲያ ሥጋ አይችልም።

እስከ ሦስት ወሩ በቀን አራት ጊዜ ይብላ፦ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ቀን 6 ሰዓት፣ 10 ሰዓት ተኩል፣ ማታ 2 ሰዓት። ከሦስት ወር እስከ ስድስት ወር ሦስቴ፣ ከዚያ በኋላ ሁለቴ። ሳህኑን አስቀምጠህ 15 ደቂቃ ጠብቅ፤ የተረፈውን አንሣ። ሲበላ ልጆቹ ሳህኑን እንዳይነጥቁት፤ ሲያልፉ አንዲት ቁራጭ ሥጋ ሳህኑ ውስጥ ጣል ያድርጉለት። ሰው ሲጠጋው ምግብ እንደሚጨመርለት እንጂ እንደሚወሰድበት አይልመድ፤ በኋላ ሳህኑን ሲጠብቅ ልጅ የሚነክስ ውሻ የሚሆነው በመነጠቅ ነው።

የቡችላ ደረቅ ምግብ ለመግዛት አቅሙ ካለህ እሱን ምረጥ፤ ካልሲየሙም ቫይታሚኑም ተመጥኖ የተሠራ ነው። ከረጢቱ ላይ “ለቡችላ” የሚል ይኑርበት። 3 ኪሎ ለሚመዝን ቡችላ በቀን 130 ግራም ገደማ፣ ለ5 ኪሎ 190 ግራም ገደማ ይበቃል፤ ይህን ለአራት ከፍለህ፣ ለብ ባለ ውኃ 10 ደቂቃ ዘፍዝፈህ ስጠው። ከረጢቱ ላይ ያለውን ሰንጠረዥም ተመልከት፤ ምግብ ከምግብ ይለያያል።

ቤት የምታበስሉለት ከሆነ ለግማሽ ኪሎ የሚሆነው ይህ ነው፦ ስቡ የወጣለት የበሰለ ሥጋ 250 ግራም፣ የበሰለ ሩዝ 200 ግራም፣ ተቀቅሎ የተፈጨ ካሮት ወይም ዱባ 50 ግራም፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት። ጨው የለ፣ ቅመም የለ። ከዚህ ላይ 3 ኪሎ ለሚመዝን ቡችላ በቀን 300 ግራም ያህል ነው። ብዙ ሰው የሚስተው ቀጥሎ ያለውን ነው። ሥጋና ሩዝ ካልሲየም የላቸውም ማለት ይቻላል፤ የሚያድግ አጥንት ደግሞ ያለ ካልሲየም አይጠነክርም። በሥጋ ብቻ ያደገ ቡችላ የፊት እግሮቹ ይጎብጣሉ፤ ከትንሽ ዝላይ በኋላ ያነክሳል፤ አጥንቱ በቀላሉ ይሰበራል። መድኃኒቱ ማጀታችሁ ውስጥ አለ። የእንቁላል ቅርፊት አጥባችሁ 10 ደቂቃ ቀቅሉ፤ ምጣድ ላይ አድርቁ፤ እንደ ዱቄት እስኪልም ውቀጡ። ለግማሽ ኪሎ ምግብ አንድ የተስተካከለ የሻይ ማንኪያ ጨምሩ። በሚገዛው ምግብ ላይ ግን አትጨምሩበት፤ ሲበዛም፣ በተለይ በትልልቅ ዝርያዎች ላይ፣ አጥንት ያበላሻል። ለወራት በዚህ ብቻ የምታቆዩት ከሆነ ሌላ የሚጎድለው ነገር ስለሚኖር ሐኪሙ ቫይታሚን ይዘዝለት።

ከሳምንት በኋላ የነቢያት ጾም ይገባል። ያኔ ከቤት የሚተርፈው ሽሮና ምስር ስለሚሆን ውሻውም አብሮ ይጾማል። አደራህን፤ ቡችላ በሽሮ አያድግም። ልኳንዳው ሳይዘጋ ቅንጥብጣቢ ሥጋ ግዙና ቀቅላችሁ በየቀኑ መጠን ከፋፍላችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ። እንቁላልም ጥሩ ነው፤ በቀን አንድ የተቀቀለ ለሱ ዕድሜ ይበቃል።

ወጥ ጨርሶ እንዳይቀምስ የምለው በበርበሬው ብቻ አይደለም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ፤ መብሰላቸው መርዙን አያጠፋውም። 3 ኪሎ ለሚመዝን ቡችላ ግማሽ ሽንኩርት እንኳ ሊጎዳው ይችላል፤ አንድ ዶሮ ወጥ ላይ ስንት ኪሎ ሽንኩርት እንደሚገባ እማማን ጠይቃቸው። ጉዳቱ በበላበት ቀን አይታይም፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው የሚደክመው። ከንፈሩን ገልጠህ ድዱን እይ፦ የጤነኛ ቡችላ ድድ ሮዝ ነው፤ በጣትህ ስትጫነው ይነጣና ስትለቀው በሁለት ሰከንድ ውስጥ ይመለሳል። ከነጣ ወይም ሽንቱ ሻይ ከመሰለ ሐኪም ጋ ይሂድ። ቸኮሌት፣ ወይንና ዘቢብም መርዝ ናቸው። የበሰለ የዶሮ አጥንት እንደ መርፌ ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ሲያመው ደግሞ እናንተ የምትውጡትን አይቡፕሮፌን ወይም ፓራሲታሞል አትስጡት።

እንጀራ ያለ ወጥ ቢቀምስ አይጎዳውም፤ ሆዱን ሞልቶ ከሥጋው እንዳይከለክለው ብቻ ተጠንቀቁ።

ሦስተኛው የተቅማጥ ምክንያት ትል ነው። ቡችላ ወስፋትን ከእናቱ ማሕፀንና ጡት ይዞት ይመጣል፤ ሆዱ ተነፍቶ ጎኑ የከሳ ከሆነ እሱን ጠርጥር። የትል መድኃኒት እስከ 12ኛው ሳምንት በየሁለት ሳምንቱ፣ ከዚያ እስከ ስድስት ወር በየወሩ ይሰጣል፤ መጠኑ በክብደት ስለሆነ ሐኪሙ መዝኖ ይስጠው። ዓይነ ምድሩን በየቀኑ አንሡ፤ የወስፋቱ እንቁላል አፈር ውስጥ ቆይቶ ልጆቹ እጅ ላይ ይገባል።

ለገና ቅርጫ ግቢያችሁ ውስጥ የምታርዱ ከሆነ ደግሞ ሳንባና ጉበት ጥሬውን እንዳይወረወርለት። ውኃ የቋጠረ ፊኛ የመሰለ ነገር ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ታያለህ፤ ውሻ እሱን ሲበላ አንጀቱ ውስጥ ትንሽ የኮሶ ትል ይሆናል፤ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ወጥቶ ሰው ጋ ሲደርስ ያው ፊኛ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ያድጋል። ሕመሙ ከዓመታት በኋላ ነው የሚታወቀው። ፊኛ ያለበትን ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩ ወይም አቃጥሉ። ንጹሑንም ቢሆን በደንብ ቀቅላችሁ ብቻ ስጡት።

ክትባቱን ነገ ዛሬ አትበል። ፓርቮና ዲስቴምፐር ለሚባሉት ቡችላ ገዳይ የቫይረስ በሽታዎች የሚሰጠው በዚህ ሳምንት ይጀመር፤ ከዚያ ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ፣ ከዚያ ጥር መጀመሪያ ላይ ይደገማል። አንዱ የማይበቃው ከእናቱ ያገኘው መከላከያ ገና ደሙ ውስጥ ስላለ ክትባቱን ስለሚያከሽፈው ነው፤ ያ መከላከያ መቼ እንደሚያልቅ ከቡችላ ቡችላ ይለያያል፤ ስለዚህ እስከ 16ኛው ሳምንት ይደጋገማል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ደግሞ ሦስት ወር ሲሞላው፣ ከዚያ ከዓመት በኋላ። እስኪጨርስ ድረስ መንገድ ላይ በእግሩ አትልቀቀው፤ አቅፈህ አውጣውና መኪናውንም ሰውንም ከእቅፍህ ላይ ሆኖ ይይ። ቢነክሳችሁ ወይም የማታውቁት ውሻ ቢነክሳችሁ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ።

ተቅማጡ ለስላሳ ብቻ ሆኖ ቡችላው የሚጫወትና የሚበላ ከሆነ፣ ሩዝና የዶሮ ፈረሰኛ ቀቅላችሁ በትንሽ በትንሹ ለሁለት ቀን ስጡት። ካስመለሰው፣ ደም ካየህበት፣ ምግብ እምቢ ብሎ ጥግ ይዞ ከተኛ ግን አትጠብቅ። ፓርቮ ሊሆን ይችላል፤ ቡችላን በሁለት በሦስት ቀን ይገድላል፤ የሚያድነውም በጊዜ የተሰጠ ግሉኮስና ክትትል ነው። ያን ጊዜ ነው በረኪናው የሚያስፈልገው፦ አንድ እጅ ለ30 እጅ ውኃ፣ ወለሉ መጀመሪያ በሳሙና ከታጠበ በኋላ። ቫይረሱ ግቢ ውስጥ ለወራት ይቆያል።

መዥገር ካየህበት በወረንጦ ከቆዳው ሥር ይዘህ ቀጥ አድርገህ ንቀለው። ለከብት ወይም ለትኋን የሚረጨውን መርዝ በፍጹም አታስነካው።

በየእሁዱ አቅፈኸው ሚዛን ላይ ውጣ፤ ከዚያ ብቻህን ተመዘን፤ ልዩነቱ የሱ ነው። በየሳምንቱ መጨመር አለበት። የጎን አጥንቶቹ ስትዳስሳቸው ይሰሙህ፣ ሲታዩ ግን ከስቷል ማለት ነው። ክብደቱንና የበላውን ጽፈህ ላክልኝ፤ መጠኑን አብረን እናስተካክላለን። ሐኪሙ የሚሰጥህን የክትባት ካርድም ፎቶ አንሥተህ ላክ። ስም አውጥታችሁለት ከሆነም ንገረኝ።

የእማማን ጉልበት ሳምልኝ፤ ልጆቹንም አቅፈህ ሳምልኝ።

ወንድምህ
ሚኪ